የፎገራ አፈር ማደሪያ

ከወረታ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የጉማራ ድልድይ አለ፤ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው ደግሞ የርብ። ክረምት ሲገባ በሁለቱም ሥር የሚያልፈው ውኃ ከጉና ተራራ ጎን የተፋቀ አፈር ተሸክሞ ይወርዳል፤ እጅ ቢነከርበት ጣት አይታይም። በወንዞቹ መካከልና ዙሪያ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ የእነሱ ሥራ ነው። ጣና ዛሬ ካለበት ሰፍቶ በነበረበት ዘመን የሐይቅ ወለል ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ ወንዞቹ ደለል እያነጠፉ አሳደጉት። ስለዚህ የፎገራ ገበሬ የሚያርሰው ላይኛው ወገኑ ያጣውን መሬት ነው። ጉና ትከሻ ላይ ገብስና ድንች የሚያመርተው ሰው ማሳው ሳስቶ ድንጋይ ሲወጣው፣ በፎገራ የናበጋና የዋገጠራ ማሳ ይወፍራል።

ይህ ዝውውር ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያነሣብኛል። ከአንዱ የሄደው ለሌላው ደረሰ እንበል፤ ከዚያስ? ጎርፉ በሚቀጥለውም ዓመት ይመጣል። በፎገራ ያረፈው አፈር የተወሰነው ተነሥቶ ጣና ይገባል፤ ከጣና ያመለጠው በዓባይ ይወርዳል። ዓባይ ማደሪያ የለውም ይባላል። እኔ ማደሪያ አለው ባይ ነኝ። ማደሪያውን ተከትሎ እስከ ባሕር ወለል የወረደ ሰው፣ ማጣት ስለሚባለው ነገር ያለው አሳብ እንደ ነበረ አይቆይም።

ጥያቄውን በጠቅላላው አፈር ላይ ማንሣት ይቻላል፤ እኔ ግን ከአፈሩ ውስጥ አንዱን ንጥረ ነገር፣ ፎስፈረስን፣ ብቻ ልከተል። ምክንያት አለኝ። ውኃ ወደ ባሕር ቢወርድ ተንኖ፣ ደመና ሆኖ ይመለሳል። ካርቦን በአየር ይመላለሳል። ናይትሮጅንም ምንጩ አየር ነው፤ የፎገራ ገበሬ ሩዙን አንሥቶ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ሲዘራ፣ በጥራጥሬው ሥር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ስበው ለመሬቱ ይሰጡለታል። ፎስፈረስ ግን በሰማይ በኩል መንገድ የለውም። ነፋስ ከሚያነሣው ጥቂት አቧራ በቀር ደመና ሆኖ የሚዞር፣ ዝናብ ሆኖ የሚወርድ ፎስፈረስ የለም። ከድንጋይ ይወጣል፣ አፈር ይሆናል፣ ቡቃያ ይሆናል፣ ከብትና ሰው ይሆናል፤ ከዚያ ቁልቁል ይሄዳል። ሌሎቹ ሲወርዱ መመለሻቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ እሱ ሲወርድ ይወርዳል።

ያለ እሱ ደግሞ ሕይወት የሚባል ነገር የለም። የዘራችን ጽሑፍ የተሰካካበት ክር ከፎስፌትና ከስኳር የተሠራ ነው። ማንኛዋም ሕዋስ ጉልበቷን የምታንቀሳቅሰው በፎስፌት ነው። አጥንትና ጥርስ ካልሲየም ፎስፌት ናቸው። በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ 700 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ይገኛል፤ ከዚህ 85 በመቶ ያህሉ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። ሄኒግ ብራንድ የተባለ የሐምቡርግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1669 ይህን ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ነጥሎ ያወጣው፣ ወርቅ አገኛለሁ ብሎ የሰው ሽንት እያፈላ ሳለ ነበር። ወርቁን አላገኘም። ያገኘው ከወርቅ ይልቅ ለሰው የሚያስፈልገውን ነበር፤ ያውም ከሰው አካል በወጣ ነገር ውስጥ።

የጉና ድንጋይ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ነው። ተራራው ዛሬም ከ4,100 ሜትር በላይ ይቆማል፤ ከፍ ያለበት ዘመን እንደነበረው ግን ወንዞቹ ይመሰክራሉ። ዝናብና ብርድ ድንጋዩን እየፈረፈሩ፣ በውስጡ የነበረውን ፎስፈረስ በጥቂት በጥቂቱ ለአፈሩ ይለቃሉ። የአዝጋሚነቱን ልክ ማሰብ ያስፈልጋል። አንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር ከድንጋይ ለመሠራት ብዙ የሰው ትውልድ ይፈጅበታል፤ እርከን የሌለው ቁልቁለት ማሳ ግን ያንኑ በጥቂት ክረምት ይሰጣል። ነገሬ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የመጀመሪያው ማደሪያ ጣና ነው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ከ14 እና ከ15 ሜትር አይበልጥም። ከርብና ከጉማራ የሚገባው ደለል ብዙው ከዚያ አይወጣም፤ ረግቶ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል የጭቃ ዓምድ አውጥተው ሲመረምሩ፣ ከ17 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ጣና ደርቆ እንደነበረ አገኙ። ዓባይ በዚያ ዘመን ከጣና አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደገና ተቆፍሮ የወጣው ዓምድ ከ90 ሜትር በላይ ሲሆን፣ 150 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል። ከሐይቁ በታች ከሐይቁ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ጥልቀት ያለው ጭቃ ተኝቷል ማለት ነው። ጉናን በዓይናችን እናየዋለን፤ ከጉናና ከአካባቢው ተራሮች የሄደውን ግን ታንኳና ጀልባ በላዩ ይመላለሱበታል።

እዚህ ላይ ሐቁን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ የሚወርደው ደለል ብዙው የጣና አይደለም፤ ጣና የራሱን ይዞ ያስቀራል። ዓባይን የሚያደፈርሱት ከሐይቁ በታች የሚቀላቀሉት በሽሎ፣ ጀማና ሌሎቹ ገባሮች ናቸው። የፎገራ ድርሻ በውኃው የሟሟው፣ በጣም የላመውና ከሕያዋን ጋር አብሮ የሚሄደው ነው። ቢሆንም ደጋው አንድ ደጋ ነው፤ የአንዱ ሸንተረር አፈር በዚህ ሲወርድ የሌላው በዚያ ይወርዳል። እንከተለው።

ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ በፊት ዓባይ በየዓመቱ ከመቶ ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይዞ ግብፅ ይደርስ ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከኢትዮጵያ ደጋ የተነሣ ነው። ሐምሌ ላይ በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ የዘነበው ዝናብ በነሐሴና በመስከረም የናይልን አፍ ያጥለቀልቃል። የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ባሕር በዓለም ካሉት ባሕሮች ሁሉ ከድሆቹ አንዱ ነው፤ ሰማያዊነቱ የድህነቱ ምልክት ነው፤ ባሕር ጠርቶ ሰማያዊ የሚሆነው በውስጡ የሚበቅል ሲጠፋ ነው። ከሁሉ በላይ የሚጎድለው ደግሞ ፎስፈረስ ነው። ጎርፉ ሲደርስ በዳርቻው ያሉት ደቃቅ እፅዋት ይፈላሉ፤ ውኃው ይለመልማል፤ ሰርዲን የሚባለው ዓሣ በመንጋ እየመጣ ይግጥበታል። በግብፅ ባሕር ዳርቻ የደሚየታና የረሺድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ለዚያ ወቅት ያዘጋጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 የግድቡ ሐይቅ መሞላት ጀመረ። በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን ይደርስ የነበረው የሰርዲን ምርት በ1968 እና በ1969 ከአንድ ሺህ ቶን በታች ወረደ። ጎርፉ ቆመ፤ ባሕሩም ተራበ። ኋላ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ ዓሣው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ስኮት ኒክሰን የተባለ አሜሪካዊ የባሕር ሊቅ ይህን ሲያጠና የደረሰበት መደምደሚያ የሚያስደንቅ ነው፤ የኢትዮጵያ አፈር ትቶት የሄደውን ቦታ የሞላው ከግብፅ እርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከካይሮና ከእስክንድርያ የሚወጣው የከተማ ፍሳሽ ነው። ዓሣው ፎስፈረሱ ከጉና ይምጣ ከቧንቧ አልጠየቀም።

ይህን ታሪክ ያነበበ አበሻ ሁለት ዓይነት ስሜት ሊያድርበት ይችላል። አንደኛው ቁጭት ነው፤ የእኛ አፈር የሰው አገር ዓሣ ሲያደልብ ኖረ የሚል። ቁጭቱን አውቀዋለሁ፤ ብዙ ዘፈንና ብዙ ሰበካ የተሠራበት ነው። ግን ሰርዲን አጥማጁ ምን ወሰደ? ያልላክነውን ተቀበለ፤ ሲቀርበትም ያልጠየቀንን አጣ። እኛም አፈሩን ሰጥተን አልሰጠንም፤ ስጦታ እንዲሆን ሰጪው ማወቅ አለበት። ሁለተኛው ስሜት ከዚህ የሚሻል ይመስለኛል። እርስ በርሳቸው ስም የማይተዋወቁ ሰዎች፣ የጉና ገበሬና የደሚየታ ዓሣ አጥማጅ፣ ከአንድ ማዕድ ሲበሉ ኖረዋል። ማዕዱ የማንም አልነበረም።

ባሕር ውስጥ የገባው ፎስፈረስ ወዲያው አይቀበርም። አልፍሬድ ሬድፊልድ የተባለ የባሕር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1934 ያስተዋለው ነገር እዚህ ይረዳል። በውቅያኖስ ውስጥ የሚበቅሉት ደቃቅ ፍጥረታት አካላቸውን የሚሠሩት በተመጣጠነ ልክ ነው፤ ለአንድ ፎስፈረስ 16 ናይትሮጅን፣ 106 ካርቦን። የጥልቁም ውኃ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ልክ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ባሕሩ ነዋሪዎቹን እንደሚሠራ ሁሉ ነዋሪዎቹም ባሕሩን ይሠራሉ። እፅዋቱ ፎስፌቱን ይወስዳሉ፣ ይበላሉ፣ ይሞታሉ፣ ይሰጥማሉ። የሰጠመው ብዙው በመንገድ በስብሶ ፎስፌቱ ይለቀቃል፤ ጥልቁ ውኃ ወደ ላይ ሲወጣ እንደገና ይበላል። በአንዱ ዙር ለዘለቄታው የሚቀበረው ከመቶ አንድ ያህሉ ነው። አንዲት የፎስፈረስ ቅንጣት ባሕር ከገባች በኋላ እየተበላችና እየተለቀቀች በአስር ሺህ የሚቆጠር ዓመት ትኖራለች። የዘር ሐረጓን ብንቆጥር ስንት ዓሣ፣ ስንት ወፍ ሆና እንደነበር መናገር አይቻልም።

ከመቶ አንዱ ግን ወለሉ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በሦስት መንገድ ነው። ጥቂቱ ባልበሰበሰው የሕያዋን ትራፊ ውስጥ እንዳለ ይቀበራል። ጥቂቱ በብረት ዝገት ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ሌላው በጭቃው ውስጥ ባለው ውኃ ሲጠራቀም ከካልሲየም ጋር ይዋሐድና አፓታይት የተባለ ማዕድን ይሆናል። ይህ ማዕድን የአጥንታችንና የጥርሳችን ወገን ነው። ሕይወት በሰውነታችን ውስጥ የምትሠራውን ባሕሩ ያለ ሕይወት፣ በጨለማ፣ በጭቃ ውስጥ ይሠራዋል። ስለዚህ ነገር ባሰብሁ ቁጥር የገጠር ቤተ ክርስቲያኖቻችን ዐጸድ ይታወሰኛል። ፎገራ ባለው ቋር ሚካኤል አጠገብ ያረፉት ሰዎች አጥንትና ከሜዲትራኒያን በታች የሚቋጠረው ድንጋይ ከአንድ ዘር ናቸው።

አሁን ወደ ፍሬው ነገር ደረስሁ። ከሦስቱ መንገዶች የሁለተኛው፣ የብረት ዝገቱ፣ ታማኝ ጠባቂ አይደለም። ኦክስጅን እስካለ ድረስ ዝገቱ ፎስፌቱን አጥብቆ ይይዛል። ኦክስጅን ሲጠፋ ዝገቱ ይሟሟል፤ ፎስፌቱም ተነሥቶ ወደ ውኃው ይመለሳል። ክሊፎርድ ሞርቲመር የተባለ ተመራማሪ ይህን በእንግሊዝ ሐይቆች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 ባሳተማቸው ጥናቶች አሳይቷል። በአንድ ጭቃ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ይቀበር ወይስ ይነሣ የሚለውን የሚወስነው ጭቃው ሳይሆን በላዩ ያለው እስትንፋስ ነው። እንደ ጎታ ነው፤ እህሉ አንድ ሆኖ ሳለ የሚበላውም የሚቀመጠውም በአፉ መከፈትና መዘጋት ነው።

ይህ በታላቅ ልክ የሆነበት ዘመን ነበር፤ መነሻውም እዚሁ እኛ ዘንድ ነው። ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ ከ6 ሺህ ዓመት በፊት እስካለው ጊዜ ድረስ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ይወርድ የነበረው ክረምት ከዛሬው የበረታ ነበር። ሰሃራ ሣር ለብሶ ነበር፤ ጣና ሞልቶ ይፈስስ ነበር። የዓባይ ጎርፍ በሜዲትራኒያን ላይ ጨው አልባ ውኃ አለበሰ። ቀላሉ ውኃ ከላይ ሲንሳፈፍ ከታች ያለው ከአየር ተለየ፤ ኦክስጅኑም አለቀ። ወለሉ ላይ ጥቁር ጭቃ ተነጠፈ፤ ሊቃውንቱ ሳፕሮፔል ይሉታል። ማርቲን ሮሲኞል ስትሪክ የተባለች ፈረንሳዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 እነዚህን ጥቁር ንጣፎች ከዓባይ ጎርፍ ጋር አያይዛ ባቀረበችው ጥናት ትታወቃለች። ንጣፉ አንድ ብቻ አይደለም፤ የምድር ምህዋርና ዘንግ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ክረምታችንን ባበረታ ቁጥር አንድ ጥቁር መስመር በሜዲትራኒያን ወለል ላይ ይሰመራል። የጎንደርና የጎጃም ክረምት ታሪክ ከቀርጤስ ደሴት ደቡብ፣ ከባሕር ሥር ተከትቦ ይገኛል።

በእነዚያ አራት ሺህ ዓመታት ባሕሩ እስትንፋሱን አጥቶ የቀበረውን ፎስፈረስ ይመልስ ነበር። የተመለሰው ሕይወትን ያበዛል፤ የበዛው ሕይወት ሲሞት ኦክስጅኑን ይበላል፤ ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ ሌላ ፎስፈረስ ይነሣል። ልግስናው ራሱን ይመግባል፤ በዚያው ልክ ይታፈናል። በላዩ ለምልሞ በታቹ ሞቶ የነበረ ባሕር ነው። ብልጽግና ሁልጊዜ ጤና ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለማየት ግን ቀርጤስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ፎገራ ውስጥ በየክረምቱ ይሆናል። ሜዳው ቀድሞ የከብት ግጦሽና የጓያ አገር ነበር፤ የፎገራ ከብት በወተቱ ስም ያወጣው በዚያ ሣር ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ ካስለመዱ ወዲህ፣ ውኃ የሚተኛበት መሬት ሁሉ የሩዝ ማሳ ሆነ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ዛሬ አገር አቀፉ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘውም እዚሁ ነው።

ውኃ በማሳው ላይ በተኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጭቃው ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ጭቃው ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ ይሸታል። ዝገቱ ይሟሟል፤ ተይዞ የነበረው ፎስፌት ለሩዙ ሥር ይለቀቃል። ሩዝ ደግሞ በግንዱ አየር ወደ ታች የሚያወርድ ተክል ነውና በሥሩ ዙሪያ ዝገቱ እንደገና ይወለዳል፤ የተነቀለ የሩዝ ሥር ቀላ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ዝናቡ አልፎ ውኃው ሲሸሽና ጭቃው ሲሰነጠቅ አየር ይገባል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ የተረፈውንም ፎስፌት መልሶ ይይዛል። ሜዲትራኒያን በአራት ሺህ ዓመት ያደረገውን የፎገራ ገበሬ በአራት ወር ያስደርገዋል። ልዩነቱ እሱ ልኩን ማወቁ ነው፤ ውኃውን ያስገባል፣ ያስወጣል፣ ለምግብ ያህል ከፍቶ ይዘጋል። እኔ ይህን ከእርሻ ዘዴ ከፍ አድርጌ አየዋለሁ፤ አንድ ሰው በማሳው ላይ ሆኖ የባሕርን ሥራ በልክ ሲሠራ ነው የማየው።

ልክ የጠፋበት ደግሞ ከማሳው ወዲያ ነው። በ2004 ዓ.ም. በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የታየው እምቦጭ የተባለ የውኃ አረም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፎገራን፣ የሊቦ ከምከምንና የደምቢያን ዳር ሸፈነው። ወንዞቹ ደለላቸውን የሚያራግፉበት፣ ከእርሻው የታጠበው ሁሉ የሚጠራቀምበት ዳር መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ጣና ጥልቀት ስለሌለውና ነፋስ ስለሚያማስለው ወለሉ ድረስ አየር ያገኛል፤ ጭቃውም የያዘውን ይዞ ይኖራል። የእምቦጭ ምንጣፍ ግን ብርሃኑንም ነፋሱንም ይከለክላል። ከምንጣፉ ሥር ኦክስጅን ሲያንስ ጭቃው የያዘውን ይለቃል፤ የተለቀቀው መልሶ እምቦጩን ይመግባል። ሕዝቡ በሺዎች ወጥቶ ጭቃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ይህ ድካም የሚከበር ነው። ሆኖም ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረው፣ ዝናብ ሲያጥበው የወሰደውን ለሐይቁ ይመልሳል። ከዳር ርቆ ኮምፖስት ሆኖ ማሳ ላይ ካልዋለ ሥራው ግማሽ ነው።

ቀድሞ በወንዙና በሐይቁ መካከል ቆመው ደለሉን የሚያጣሩ ነበሩ፤ ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች። ርብ ሲሞላ ይገባባቸዋል፤ ውኃው ፍጥነቱን ያጣል፣ ደለሉ ይረጋል፣ ደንገሉና ሣሩ ፎስፈረሱን ይወስዳል፣ ከብቱ ሣሩን ይበላል፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች ይከርሙበታል። ወንዙ በግራና በቀኝ በአፈር ካብ ከታጠረ፣ ዳርቻውም ለእርሻ ከተያዘ ወዲህ ረግረጎቹ እጅግ ጠብበዋል። ጎርፉን ከማሳ ለመከላከል የተደረገ ነው፤ የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ሰውን ከቤቱ እንዳፈናቀለ የሚያስታውስ ሰው ካቡን አይወቅስም። ግን የተከለከለው ደለል ሌላ ቦታ ሄደ እንጂ አልቀረም፤ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

በዚህ ሁሉ መውረድ ውስጥ ሽቅብ የሚሄድ ነገር ብናገኝ ልብ ልንለው ይገባል። የጣና ባርበሶች አሉ፤ ብዙዎቹ በዓለም ላይ በሌላ ሐይቅ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች። ከእነሱ አንዳንዶቹ ክረምት ሲደፈርስ በጉማራና በርብ ወደ ላይ ወጥተው ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ሐይቁ የወሰደውን በአካላቸው ተሸክመው ወደ ተራራው በኩል ጥቂት ይመልሳሉ። መረብ በወንዙ አፍ ላይ ዘርግቶ የሚጠብቃቸው፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የሚበትንባቸው ሰው፣ ዓሣ ብቻ ሳይሆን የቀረችንን ጠባብ መመለሻ ነው የሚዘጋው።

ሌላው መመለሻ በገንዘብ የሚገዛው ነው። የኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ 19፣ 38፣ 7 የሚሉ ቁጥሮች ይነበባሉ፤ 38 በኦክሳይድ መልክ ሲቆጠር የፎስፈረሱ ድርሻ ነው። አገራችን ከምትገዛው ፎስፌት ብዙው ከሞሮኮ ይመጣል። በሞሮኮ ኩሪብጋ አካባቢ የሚቆፈረው ድንጋይ ከ70 እስከ 50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የባሕር ወለል ነበር፤ ዛሬም በውስጡ የሻርክ ጥርስ ይለቀማል። ምድር ያንን ወለል ወደ የብስ አነሣችው፤ ሰው ቆፈረው፤ አሲድ ውስጥ ከተተው፤ በመርከብ ጅቡቲ አደረሰው፤ መኪና ወረታ ላይ አራገፈው። የፎገራ ገበሬ በእጁ ዘግኖ የሚበትነው ባሕር ነው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. የሞሮኮ ንጉሥ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቆም ስምምነት ተፈርሞ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ ማዳበሪያ ጠፍቶ የአማራ ክልል ገበሬ አደባባይ ወጥቶ ጮኋል። የዚያ ዓመት ጩኸት ከአስተዳደር ጉድለት ባሻገር የሚናገረው ነገር አለ፤ አንድ ሕዝብ የራሱን ፎስፈረስ በነጻ ሸኝቶ የሌላውን ባሕር በውጭ ምንዛሪ ጠበቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን የምከራከርበት ነገር አለ። ከሞሮኮ የመጣው ከረጢት፣ የተቀበረ ሁሉ እንደሚመለስ ያረጋግጣል። ከሜዲትራኒያን በታች የተኛው የደጋችን ፎስፈረስም አንድ ቀን ተራራ ይሆናል፤ ዝናብ ይፈረፍረዋል፤ ሌላ ፎገራ ይሠራል። በምድር አቆጣጠር የሚጠፋ ነገር የለም። ይህን ማሰብ ያጽናናል፤ እውነትም ነው። ሆኖም ይህን መጽናኛ ለጉና ገበሬ ይዞ መሄድ ነውር ነው። ልጁ የሚበላው በመጪው ዓመት ነው። ምድር ትመልሳለች፤ የምትመልሰው ግን ለማያውቀን ነው። ሁለቱንም እውነት አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል፤ በምድር ዘመን መቀበር መቀመጥ ነው፣ በሰው ዘመን መቀበር ማጣት ነው። በደለኛው መውረዱ አይደለም፤ አፈር ሁልጊዜ ሲወርድ ኖሯል፤ ፎገራም የተገኘችው በዚያ ነው። በደለኛው ፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ የእኛ እጅ አለበት።

በየቤቱ የሚደረገውን እንይ። ወረታ ከተማ ያሉት የሩዝ መፈልፈያዎች ነጩን ፍሬ ለገበያ ያወጣሉ፤ ከእህሉ ፎስፈረስ ብዙው ግን በሚፋቀው ስስ ልባስ ውስጥ ይቀራል። ያ ለከብት ይሰጣል፤ ከብቱ ወደ እበት ይለውጠዋል፤ እበቱ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱ ይነድዳል። እሳቱ ናይትሮጅኑን በጭስ ይሸኘዋል፤ ፎስፈረሱን ግን አይነካውም፤ አመዱ ውስጥ ይቀራል። እናቶች አመዱን በጓሮ ስለሚደፉት የጓሮ ጎመንና በርበሬ ከሩቅ ማሳ ይልቅ ይፋፋል። ከተማ ውስጥ ሲሆን ግን አመዱ ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ከቦዩ ወደ ወንዝ፤ ከወንዙ ወደ ሐይቅ። ከጉና እስከ ባሕር ያለው መንገድ አንዱ በር በእያንዳንዳችን ምድጃ አፍ ላይ ነው።

የርብ ግድብ አለ፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከእንግዲህ የደጋው ደለል ብዙው ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ ያድራል፤ የዓባይ ማደሪያ አገር ውስጥ ሆነ። በዚህ የሚደሰት ሰው ደለሉ ተርባይን እንደማያዞር ያስታውስ። ግድብ ውኃን ያስቀራል፤ አፈርን ግን ከማሳ ላይ አያስቀርም። ጉባ የተኛው አፈር ለጉና ገበሬ ከቀርጤስ ባሕር የተሻለ ቅርብ አይደለም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በጉና ዙሪያ ያሉት የፋርጣና የእስቴ ቁልቁለቶች እርከን በዘመቻ ወር ብቻ ሳይሆን ከዓመት ዓመት ይጠበቅ፤ በተሠራውም ላይ ከብት አይለቀቅበት። ሸሸርና ወላላ የቀራቸው መሬት ተከልሎ ርብ በክረምት የሚገባበት በር ይከፈትላቸው፤ ይህን ሲያቅዱ የዳርቻው ገበሬዎች ከፊት ይሁኑ፤ መሬቱንም ጎርፉንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በነሐሴና በመስከረም የጉማራና የርብ አፍ ለባርበሶቹ ይለቀቅ። ከጣና የሚነቀለው እምቦጭ ከዳር ይራቅ። ወረታ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ አመዳችሁን ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ አጠራቅማችሁ ለሚያርስ ሰው ስጡ።